ኮሜዲያንን በሳቅ ነው የምናስበው፦ የደብረ ብርሃኑ ምሽትና የደብዳቤው ጣጣ

በወጣትነታቸው ያጣናቸውን አርቲስቶች የምናስብበት አንድ ምሽት ደብረ ብርሃን ላይ አዘጋጅተን ነበር። ተሳክቷል፤ እኮራበታለሁም። ግን ከዝግጅቱ በላይ ያደከመኝ ፈቃዱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለማድረግ ያሰበ ሰው የገጠመኝን አስቀድሞ ይወቀው ብዬ ነው የምጽፈው። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በ"ቤቶች" ነው። የጥላሁን ጉግሳን ሲትኮም ያላየ ሰው እኛ ቤት የለም። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቡና ላይ ስለ እሱ ስናወራ፣ ጨዋታው ወደ ኋላ ሄደና ኮሜዲያኖቹ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ ላይ ደረሰ። አንዱ ወጣት ባልደረባችን "አለባቸው ማን ነው?" አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። የምሩን ነው። ኢዮብ መኮንንን ግን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ዘፈኖቹን በቃሉ ይወጣቸዋል።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ዘፋኝ ቢሞት አልበሙ ይቀራል። ኢዮብ ጅጅጋ ተወልዶ፣ በ"እንደ ቃል" ሬጌን በአማርኛ ያስወደደን ልጅ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 2005 ናይሮቢ ላይ ሲያርፍ ገና 37 ዓመቱ ነበር። ከሞተ ከዓመታት በኋላ እንኳ "እሮጣለሁ" የሚል አልበም ወጥቶለታል። ከእሱ ብዙም ሳትቆይ ሚካያ በኃይሉ ተከተለችው፤ "ሸማመተው" ግን ዛሬም በየስልኩ አለ። ታምራት ደስታ በሚያዝያ 2010 በ39 ዓመቱ ሄደ፤ ድምፁን ታክሲ ውስጥ እሰማዋለሁ።

ኮሜዲያን ግን እንዲህ አይደለም። እነ አለባቸውን የምናያቸው በበዓል ቀን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ነበር። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ሁሉም ሰው አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድሮ። ያየ አየ፤ ያላየ አመለጠው። በኋላ "አለቤ ሾው" መጣ፤ እሱንም ተሰብስበን አየን። ከዚያ አለባቸውን የመኪና አደጋ ድንገት ነጠቀን። ያኔ ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ "ማን ነው?" ቢል ምን ይፈረድበታል?

የተቀመጠ ነገር ግን ሰውን ያቆያል። ወጋየሁ ንጋቱን በአካል አላውቀውም። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ያነበበበት ድምፅ ስለተቀረጸ ብቻ አውቀዋለሁ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ቤኪንሰልም አለ። "ፖሪጅ" በተባለው የእስር ቤት ሲትኮም ላይ ወጣቱን እስረኛ የተጫወተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ልቡ ቀጥ ብላ ሲሞት 31 ዓመቱ ነበር። ክፍሎቹ ስለተቀመጡ እኔ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ከልቤ ስቄበታለሁ። የእኛን ልጅ ቀልድ ለማየት ግን የአባቴን ቁም ሳጥን መክፈት ነበረብኝ።

እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ተሰባሰብን፤ ገንዘብ ከየኪሳችን አዋጣን። ቀኑን መጀመሪያ ያሰብነው የኢዮብ ሙት ዓመት ላይ ነበር። ነሐሴ 12 ግን ፍልሰታ ውስጥ ነው፤ ክረምቱም አይጣል ነው። በጾም ለዘፈንና ለቀልድ የሚመጣ ሰው አናገኝም ብለን ከመስቀል በኋላ አደረግነው። ከዚያ በላይም ማቆየት አይሆንም፤ ኅዳር ከገባ የደብረ ብርሃን ውርጭ ማንንም አዳራሽ ውስጥ አያስቀምጥም። ለመስተንግዶ ሻይና የአገራችን ቆሎ በቂ ነው።

ካሴቶቹ ላይ ትንሽ ልቆይ። አባቴ የበዓል ፕሮግራሞችን በቪኤችኤስ ካሴት ይቀዳ ነበር። ቁም ሳጥን ላይ ተደርድረው ነው የኖሩት፤ እንደኛ ባለ ብርዳም አገር፣ ክረምት ከክረምት እርጥበት እየጠጡ። ካሴት ስታገኙ መጀመሪያ በትንሿ መስኮት በባትሪ እዩት። የተጠቀለለው ጥቁር ክር ጠርዝ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። እንዳታጫውቱት። የቪዲዮ ሠራተኞች "መጀመሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አጠንጥኚው፣ ይላቀቃል" ይላሉ። እኔ በጭራሽ አልስማማም። ሻጋታው የማጫወቻው ሄድ (ክሩን የሚያነበው ክፍል) ላይ ይለጠፋል፤ ቀጥሎ የሚገባውንም ጤነኛ ካሴት ይበክላል። ከካሴቱ በታች አምስት ብሎን አለ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ፍቱት፤ ሻጋታውን በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፤ ከዚያ ሁለቱን ጥቅሎች ንጹሕ ካሴት ቤት ውስጥ አዛውሩ። ሄዱን ደግሞ በአልኮል አጽዱት።

ወደ ኮምፒውተር መገልበጡ ቀላል ነው። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ የሚቀበል ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀየሪያ ይበቃል። የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፤ ማፍጠኛ የለውም። ማጫወቻ ካላችሁ እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። እስከ መጨረሻው ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል።

አሁን ወደ ደብዳቤው።

አዳራሹ ያለበት መሥሪያ ቤት "ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አምጪ" አለኝ። ጽሕፈት ቤቱ "አዳራሽ ማግኘትሽን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጪ" አለኝ። ይሄን እንኳ እችለዋለሁ፤ ቢሮ ደጅ የጠና ሁሉ የለመደው ነው። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገባ፤ ቁጥር ተሰጠው። ከዚያ ጠፋ። ስጠይቅ "ለኃላፊው ተመርቷል" ይሉኛል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ስመለስ "ለባለሙያ ተመርቷል"። ባለሙያው መስክ ወጥቷል። ደግሞ ስመለስ "ስልክሽን ተይልን፣ እንደውላለን"። እስከ ዛሬ የደወለ የለም።

በመጨረሻ ባለሙያውን ቢሮው አገኘሁት። ፕሮግራሜን ከፋይሉ አወጣና ቀይ እስክሪብቶ አነሳ።

"እህት፣ ይሄ ነገር መታሰቢያ ነው ኮንሰርት?"

"መታሰቢያ ነው።"

"ታዲያ ኮሜዲ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ከምናስባቸው ሰዎች አንዱ ኮሜዲያን ነው።"

"ቢሆንም ሰው ሞቶ አይሳቅም። ክብራቸውን መጠበቅ አለብን።"

ይሄን እያለ "የኮሜዲ ቅንጭቦች" የሚለውን መስመር በቀይ ሠረዘው። ከላዩ ላይ "የሕሊና ጸሎት" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ የመክፈቻ ንግግር፣ የሻማ ማብራት ሥነ ሥርዓት፣ የክብር እንግዳ መልእክት፣ የመዝጊያ ንግግር እያለ ጨመረ። በእሱ አጻጻፍ ፕሮግራሙ ሞላ። አለባቸው ግን ከውስጡ ወጣ።

ይህ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። መዘግየቱን እረሳዋለሁ። ግን እድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቅ የኖረን አርቲስት፣ ሳቁን ከልክሎ በሻማ ማሰብ ምን የሚሉት ክብር ነው? እኛ ሸዋ ውስጥ ለቅሶ እናውቃለን። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን አመል፣ ወጉን፣ ጨዋታውን ነው የምታነሳው። ሠልስት ሲደርስ ድንኳኑ ውስጥ ማን ነው የሟቹን ቀልድ የማያነሳ? እንባና ሳቅ አንድ ላይ ሲመጣ የሚከፋ ለቀስተኛ አላየሁም። ሐዘንተኞቹ ራሳቸው "እሱን ንገሯቸው እስቲ" ይላሉ። ይህን ለባለሙያው አስረዳሁት። አንገቱን ነቀነቀና "እሱ የመንደር ነው፤ ይሄ መድረክ ነው" አለኝ።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። በዚያ ሁሉ ምልልስ መሀል ስለ ቤተሰብ ፈቃድ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። መጠየቅ የነበረበት ግን እሱ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ደራሲ ሥራ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው ይላል። በ2005 ያረፈ ሰው የደረሰው ግጥምና ዜማ ባለቤት አለው ማለት ነው፤ እስከ 2055። በወጣትነቱ የሞተ አርቲስት ልጆቹን የሚያሳድግለት ይኸው መብት ሊሆን ይችላል። እኛ ያገኘነውን ፈቃድ ይዘን፣ ያላገኘነውን ሥራ ትተን ነው የገባነው። የፈቃዱን ወረቀት አባሪ አድርጌ ነበር። ገልጦ ያየው የለም። ሻማው የት እንደሚበራ ግን ጠይቀውኛል።

በኋላ መላ የሰጡኝ የአዳራሹ ጠባቂ ናቸው። አንድ ጠዋት በር ላይ ተክዤ ሲያዩኝ "ምን ሆነሻል ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ ሳቅ ከልክለውኛል።"

"መታሰቢያ ብለሽ ነዋ የጻፍሽው! መታሰቢያ ካልሽ ጸሎት ያስገቡብሻል። የኪነ ጥበብ ምሽት በይው።"

አዲስ ማመልከቻ ጻፍኩ። "የኪነ ጥበብ ምሽት" አልኩት። ኮሜዲውን "የተመረጡ የድራማ ትዕይንቶች" ብዬ አስገባሁት፤ ውሸት የለበትም፣ ድራማ ናቸው። ይሄኛው ቶሎ ተፈረመ። ኃላፊው ግን ከፊርማቸው በላይ "የጽሕፈት ቤቱ መልእክት 10 ደቂቃ ይያዝ" ብለው ጨመሩበት። ተቀበልኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ?

ምሽቱ ደረሰ። ሰው ጋቢውን ተከናንቦ መጣ። ወንበር አልበቃ ብሎ ወጣቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። የኢዮብን ዘፈን የእኛው ልጆች በጊታር ተጫወቱት፤ ሕዝቡ አብሮ ዘፈነ። ከዚያ መብራቱ ጠፋና የአባቴ ካሴት ተጀመረ። ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከታች ነጭ ሰንጥቅ ይሄዳል። ማንም ግድ አልሰጠውም። ገና አለባቸው ብቅ ሲል ከኋላ ያሉ ትልልቆቹ መሳቅ ጀመሩ። ያ "ማን ነው?" ያለው ባልደረባችን መጀመሪያ ዝም ብሎ ያያል። ጥቂት ቆይቶ ከወንበሩ ወደ ፊት ተንጠራራ፤ ከዚያ በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ ይስቅ ጀመር። አንዱ ቅጂ መሀል ላይ ይቋረጣል፤ ካሴቱ አልቆበት ነው። ስክሪኑ ጠቆረ። ያኔ ከኋላ አንዲት እናት የቀረውን በቃላቸው ጨረሱት፤ ድምፁን ሳይቀር አስመስለው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

የጽሕፈት ቤቱ መልእክት ግን ከ10 ደቂቃ በጣም አለፈ። ስለ ኪነ ጥበብ ጥቅም፣ ስለ ዘርፉ እቅድ፣ ስለ ቀጣይ አቅጣጫ ሰማን። በወጣትነታቸው ስላለፉት ልጆች የተባለ ነገር ትዝ አይለኝም። አዳራሹ የሚዘጋበት ሰዓት ስለደረሰ የመጨረሻውን ካሴት አላሳየንም። ብሎኑን ፈትቼ፣ ሻጋታውን ስጠርግ ያመሸሁበት ካሴት እሱ ነበር። ጋሼ ቁልፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው "አይዞሽ" ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

እንግዲህ ለምታስቡበት ሁሉ የምለው ይሄ ነው። ቢሮዎቹ "መጀመሪያ ደብዳቤ፣ ከዚያ ሌላው" ይላሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ቤተሰብ፣ ቀጥሎ የአዳራሽ ጠባቂ፣ ደብዳቤ መጨረሻ ነው የምለው። ጠባቂው የትኛው ቀን አዳራሹ ባዶ እንደሆነ፣ ማን በምን እንደሚፈርም ያውቃል። ማመልከቻ ስታስገቡ ኮፒው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ፤ ያለ እሱ አልደረሰንም ይሏችኋል። "መታሰቢያ" የሚለውን ቃል ለፖስተሩ አስቀምጡት፤ ማመልከቻ ላይ አይግባ። የክብር እንግዳ አትጥሩ። ንግግር ግድ ከሆነ ዋናው ነገር ካለቀ በኋላ መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ሰዓት ቢያልቅ የሚቆረጠው እሱ ይሁን። ካሴት ገልብጣችሁ ስትጨርሱም ዋናውን አትጣሉ፤ ፍላሽ ይበላሻል።

የሚቀጥለውን ሸዋ ሮቢት ላይ ለማድረግ እየተነጋገርን ነው። ቆላ ስለሆነ ውርጭ አያሳስበንም፤ ማታ ደጅ ላይ በሸራ ማሳየት ይቻላል። ያልታየው ካሴት መጀመሪያ ይከፈታል። ከሰላ ድንጋይ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና፣ ከየትም ሁኑ፣ ቤታችሁ የበዓል ፕሮግራም የተቀዳበት ካሴት ካለ ሻጋታ አለው ብላችሁ እንዳትጥሉት። መፍቻው እኔ ጋ አለ።