በሽታን ከአጥንት ማንበብ፦ አዳማ ላይ እንዴት እንደጀመርኩት

የጥንት ሰዎች ምን ያማቸው እንደነበር ከአፅማቸው የሚያጠናው ሙያ ፓሊዮፓቶሎጂ ይባላል። እኔ የጀመርኩት አዳማ ውስጥ፣ ለአናቶሚ ትምህርት በተቀመጡ አፅሞች ነው። ቶሎ በሽታ ላገኝ ቸኩዬ ነበር። የላብራቶሪው ጋሼ ግን "ልጄ፣ መጀመሪያ ጤነኛውን ልመጂ" አሉኝ። ጤነኛ አከርካሪ ማገላበጥ ያሰለቻል። ግን ልክ ነበሩ። የደም ሥር የሚያልፍበትን ቀዳዳ ያላወቀ ሰው ቀዳዳ ባየ ቁጥር በሽታ ይለዋል።

ስብራቱ ይቀላል። ሰውየው በሕይወት ሳለ ተሰብሮ የዳነ አጥንት ጠርዙ ዶልዱሞ አዲስ አጥንት ያበቅላል። በቆፋሪ አካፋ የተሰበረው ስለታም ነው፤ ስብራቱም ከላዩ ነጣ ይላል።

ለዚህ ትምህርት አዳማን የመሰለ ቦታ የለም ባይ ነኝ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚህ ብዙ ጉድጓድ ከዚያ ያልፋል። ከዚህ የተነሣ ቡናማ ጥርስ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ ጠንካራው የላይ ሽፋን፣ በልጅነት አንዴ ከተሠራ አይታደስም። ስለዚህ ቡናማው ጥርስ የሚናገረው ሰው ያደገበትን ውሃ ነው፣ የሞተበትን አይደለም። አጥንት ግን ዕድሜ ልኩን ፍሎራይድ ያጠራቅማል። ወንጂ ስኳር እርሻ ላይ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ጀርባቸው አልታጠፍ ያለው በዚህ ነው። ጅማቱ ወደ አጥንትነት ይለወጣል፤ አከርካሪውም ይጣበቃል። የአከርካሪ ቲቢ ተቃራኒው ነው፦ የአከርካሪውን የፊት ክፍል በልቶ ያፈርሰዋል፣ ጀርባም ይጎብጣል። አንዱ ይገነባል፣ አንዱ ያፈርሳል። ይህ ከገባኝ በኋላ ነው ነገሩ የጣመኝ። (እናቴ አሁንም ከሥራ ስመለስ በር ላይ እጄን ታስታጥበኛለች።)

የከበደኝ ሌላ ነው። ኮሌራ በሰዓታትና በቀናት ይገድላል፤ አጥንት ለመለወጥ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ንጹሕ አፅም የጤነኛ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ቶሎ የተቀጨ ሰው ሊሆን ይችላል። ምልክት የሞላበት ደግሞ ከበሽታው ጋር ብዙ ታግሎ የኖረ ነው። ተመራማሪው ጄምስ ዉድና ባልደረቦቹ ይህን እ.ኤ.አ. በ1992 ጽፈው ሙያተኛውን አወዛግበውታል። እኔም ከዚያ ወዲህ "ይህ መንደር ጤነኛ ነበር" የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ እጠራጠራለሁ።

አጥንት የደበቀውን አንዳንዴ ጥርስ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች ለንደን ውስጥ በ14ኛው ክፍለ ዘመን "ጥቁር ሞት" በተባለው ወረርሽኝ ሞተው ከተቀበሩ ሰዎች ጥርስ የወረርሽኙን ባክቴሪያ ዘረመል አንብበዋል። ታርታርም (ጥርስ ላይ የሚደድረው ቆሻሻ) እንዲሁ የባክቴሪያ ዘረመል ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ፣ ጥርሱ ያምር ብላችሁ በብሩሽ እንዳትፈትጉት።