ኮርዶባ፦ ሙቀቱና የኢብን ሩሽድ አእምሮ

ከማድሪድ ኮርዶባ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። መተኛቴም በጀኝ፤ በአሮጌው የአይሁድ ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋው አደረ። ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ አያነፍስም። ከታች ያለው ጭፈራ ደግሞ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ዘለቀ።

የመጣሁት በ1126 እ.ኤ.አ. እዚሁ ከተማ ለተወለደው ፈላስፋ፣ ዳኛና ሐኪም፣ ለኢብን ሩሽድ ብዬ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አሪስቶትል ስለ ነፍስ የጻፈውን ሲያብራራ አንድ ጉድ ነገር ተናገረ፦ ስሜትና ምናብ የየግላችን ናቸው፤ ጥቅሉን እውቀት የሚቀበለው አእምሮ ግን ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ እኔና እነዚያ ጨፋሪዎች በአንድ አእምሮ ነው የምናስበው! በዚያ ሌሊት ማንም አያሳምነኝም ነበር።

ጠዋት ታላቁን መስጊድ፣ የዛሬውን ካቴድራል፣ በነፃው ሰዓት አየሁት። ያምራል። ቁርስ ላይ ግን ላላዘዝኩት ዳቦ 2 ዩሮ አስከፈሉኝ። እኛ ዘንድ ሳይጠየቅ የቀረበ ዳቦ፣ ካልበላህ ሞቼ እገኛለሁ ይባልበታል እንጂ ሒሳብ አይመጣበትም።

የኢብን ሩሽድን ሐውልት ፎቶ በስልኬ ያሳየኋቸው አንድ አዛውንት ክንዴን ይዘው፣ ጥላ ጥላውን እያስኬዱ እስከ ቦታው አደረሱኝ። ቋንቋ አልተግባባንም፤ በእጃቸው ምልክት ግን አንድም ነገር አላመለጠኝም።

ሐውልቱ ያለው ከከተማዋ የድሮ ቅጥር ሥር ነው። ያን ቅጥር ሳይ የካቶሊኩ ፈላስፋና የሃይማኖት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ትዝ አለኝ። በ1270 እ.ኤ.አ. ገደማ ኢብን ሩሽድን የተቃወመው በግድግዳ ምሳሌ ነበር፦ ቀለሙን ሌላው ስላየለት ግድግዳው አየ አይባልም፤ በእኔ ምናብ ያለውን ምስልም ሌላ አእምሮ ካሰበው አሳቢው እኔ አይደለሁም። ማታ ቢሆን አጨበጭብለት ነበር። አዛውንቱ አጠገብ ቆሜ ግን የኢብን ሩሽድ ጥያቄ ከበደኝ፦ አእምሯችን ሁለት ከሆነ መምህርና ተማሪ አንዱን እውቀት እንዴት ይጋራሉ? ቶማስ ለዚህም መልስ አለው፤ የሚታወቀው ነገር አንድ፣ አዋቂዎቹ ሁለት ይላል። እኔ አልረካሁም፤ ባቡሬ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ነበር።