እርጥበት የጠጡ ንብርብሮችን በሙቀት ውስጥ ስፈትሽ የተማርሁት

ከካርቦን ፋይበር (ከካርቦን ክር) እና ክሮቹን ከሚያጣብቀው ሙጫ ከኤፖክሲ የተሠሩ ንብርብሮች ሙቀትና እርጥበት አብረው ሲያርፉባቸው ምን ያህል ጥንካሬ እንደሚያጡ ለመለካት ስነሣ፣ ዋናው ሥራ ናሙናዎቹን በማሽን ጨምቆ መስበር ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን የውጤቱ ትክክለኛነት የሚወሰነው ከመስበሩ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው።

ናሙናዎቹን 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 85 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኋቸው። በውኃ መቀቀል ጊዜ ቢቆጥብም ኤፖክሲውን ሊሰነጥቅና ከክሩ ሊያላቅቅ ስለሚችል ተውሁት። ውኃ የሚጠጣው ኤፖክሲው እንጂ የካርቦን ክሩ አይደለም፤ እጥፍ ውፍረት ያለው ንብርብርም እስኪጠግብ ድረስ አራት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ይህን ሳላገናዝብ ቀጭኑንም ወፍራሙንም በአንድ ቀን አወጣኋቸው። ወፍራሞቹ ላያቸው ረጥቦ መሐላቸው ገና ደረቅ ስለ ነበር፣ ያገኘሁት ጥንካሬ ከእውነተኛው የበለጠ ሆነ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ይበልጥ ያሳዝነኛል። የማሽኑ ማሞቂያ ክፍል በእኩል እስኪሞቅ ብዬ ናሙናውን ለረጅም ጊዜ ውስጡ አቆየሁት፤ በሳምንታት የገባው እርጥበት በዚያ ደረቅ ሙቀት መውጣት ጀመረ። እርጥብ ብዬ የመዘገብሁት ናሙና በከፊል የደረቀ ነበር ማለት ነው።

ይህ ስሕተት በክሩ አቅጣጫ በሚደረግ የመሳብ ፈተና ላይ ብዙም ባልጎላ ነበር፤ እዚያ ጭነቱን የሚሸከመው ክሩ ነውና። በመጨመቅ ጊዜ ግን ክሮቹ ሳይጎብጡ ቀጥ ብለው የሚቆሙት ኤፖክሲው ደግፎ ስለሚይዛቸው ነው። የገባው ውኃ ኤፖክሲው የሚለሰልስበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ ላይ ሙቀት ሲጨመርበት ድጋፉ ይላላና ክሮቹ ይታጠፋሉ። ስለዚህ ንብርብሩ ሊሠራበት የሚችለውን ከፍተኛ ሙቀት ስወስን፣ በዘርፉ የተለመደውን የ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደኅንነት ርቀት የምቀንሰው እርጥበት ከጠገበ ናሙና ከለካሁት የመለስለሻ ሙቀት ላይ ነው፤ በደረቅ ናሙና የተለካው አጉል መተማመን ይሰጣል።

አሁን ከእያንዳንዱ ውፍረት አንድ የማልሰብረው ናሙና አብሬ አረጥባለሁ። በየጊዜው እመዝነዋለሁ፤ ክብደቱ ሳይረጋጋ ፈተና አልጀምርም። በፈተናው ጊዜም ከሚሰበረው ጎን ማሞቂያው ውስጥ አስገባዋለሁ፣ እንደ ወጣም መልሼ እመዝነዋለሁ። ከጥንካሬው ቁጥር አጠገብ በዚያ ሰዓት የቀረውን እርጥበት በመቶኛ እጽፋለሁ።