ጋዙ አላለቀም

የእማዬ ፍሪጅ ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውሃ ማቆር ከጀመረ ሰነባብቷል። ካሮቱ ጠዋት ጠዋት ሲዋኝ ነው የሚገኘው። ፍሪዘሩ ወለል ላይ ደግሞ በረዶ ተጋግሮ፣ የሥጋው ፌስታል ተጣብቆ አልላቀቅ ብሏል። አንድ ጠጋኝ መጣ፣ በሩን ከፈት አድርጎ አየና "ጋዙ አልቋል" ብሎ ዋጋ ጠራ። እማዬ ደወለችልኝ።

"ማቀዝቀዙስ እንዴት ነው?"

"ወተቱ ጥርስ ያደነዝዛል።"

እንደሱማ ከሆነ ጋዙ የትም አልሄደም። የፍሪጅ ጋዝ እንደ መኪና ቤንዚን እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በታሸገ ቧንቧ ውስጥ ሲዞር ይኖራል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ተበስቶ እያፈሰሰ ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ሳይፈልግ "ልሙላው" የሚል ሰው ከመጣ፣ ቡና አጠጥቶ መሸኘት ነው።

ኖ ፍሮስት የሚባሉት ፍሪጆች በረዶ አይሠሩም የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ይሠራሉ፤ ግን ደብቀው ነው። ከፍሪዘሩ የኋላ ግድግዳ ጀርባ ባለው ማቀዝቀዣ ላይ የአየሩ እርጥበት በረዶ ይሆናል። በየተወሰነ ሰዓቱ አንድ ማሞቂያ በርቶ ያቀልጠዋል። ውሃው ከሥር ባለች ቀዳዳ ገብቶ፣ በቱቦ ወርዶ፣ ሞተሩ ጋ ያለ ሳህን ላይ ይጠራቀምና በሞተሩ ሙቀት ይተናል። መንገዱ ሲደፈን ውሃው ፍሪዘሩ ወለል ላይ ይረጋል፣ ወይም ወደ ታች ይንጠባጠባል። የእማዬው ሁለቱንም አድርጓል። ባለ አንድ በር ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ ቀዳዳዋን በዓይናችሁ ታገኟታላችሁ፤ ከመሳቢያው በላይ፣ የኋላው ግድግዳ ሥር ያለች ቦይ ውስጥ ናት።

ቅዳሜ ሄድኩ። ሶኬቱን ነቅለን ሥጋውን ጎረቤት ፍሪዘር ውስጥ አስጠለልነው። እማዬ ቢላዋ ይዛ ከች አለች፤ "ልፈልፍለውና እንገላገል!" ቀማኋት። እዚያ ውስጥ ያለው ቧንቧ ስስ ነው፤ በቢላዋ ከተበሳ ያኔ ነው ጋዙ የምሩን የሚያልቀው። ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች ላይ ያለው አር 600 ኤ ደግሞ የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። ይልቅ በድስት ሙቅ ውሃ ፎጣ ላይ አስቀምጠን የፍሪዘሩን በር ገርበብ አደረግነው። በረዶው ሲለቅ የኋላውን ፕላስቲክ በካቻቢቴ ፈታሁት። ቀዳዳዋ በበረዶ ጥርቅም ብላለች። ከፋርማሲ በገዛሁት ትልቅ ሲሪንጅ (መርፌው አያስፈልግም) ሞቅ ያለ ውሃ ደጋግሜ ረጨሁባት። የፈላ ውሃ አታድርጉ፤ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል።

በረዶው ቀለጠ፣ ውሃው ግን አሁንም አልወርድ አለ። ፍሪጁን ከግድግዳው ስበን ከሞተሩ በላይ የቱቦውን ጫፍ ፈለግሁ። ጫፉ ላይ እንደ ከንፈር ገጠም የምትል ጎማ አለች። አቧራና የሚያሙለጨልጭ ጥቁር ነገር ለስኗታል። ጫን ሳደርጋት ያ ጥቁር ነገር ዝልግልግ እያለ ወጣ። ሽታው አይነገርም። "ይሄ ሁሉ ምግባችን አጠገብ ነበር?" ብላ እማዬ አማተበች። ለካ ዋናው ጥፋተኛ እዚህ ታች ነው፤ ውሃው ቱቦው ውስጥ ይቆማል፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ይረጋል። ጎማዋን በሳሙና አጥቤ መለስኳት። ከላይ ውሃ ስጨምር ሳህኑ ላይ ዱብ ዱብ ሲል ሰማነው።

እንዲህ አጽድታችሁ በረዶው ቶሎ ከተመለሰ፣ በተለይ የኋላው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ በረዶ ከለበሰ፣ ማሞቂያው ወይም ሴንሰሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ያ መለኪያ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ሥራ ነው። መብራት ጠፍቶ ውሎ ወለሉ ላይ ውሃ ብታዩ ግን አትደንግጡ፤ በረዶው ባንዴ ቀልጦ ነው።

የበሩንም ጎማ ፈትሹ። የአሥር ብር ኖት በሩ ላይ አጣብቃችሁ ዝጉና ሳቡ። ሳትታገል ከወጣች እርጥብ አየር እየገባ ነው። የእማዬ ጎማ ከታች በኩል ብሩን ለቀቀው፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ባጥበውም አልገጠም። ሊቀየር ነው። ለመግዛት ስትሄዱ ርዝመቱንና ስፋቱን ለኩ፣ የፍሪጁንም ሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሱ፤ ካለዚያ መርካቶ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ ስትዞሩ መዋላችሁ ነው።