ኪንግስተን በሌሊት፦ አንድ ምት፣ ሃያ ድምፃዊ

የጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን ውስጥ የመንገድ ጭፈራ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት አይሞቅም። እኔና ጓደኛዬ 5 ሰዓት ላይ ደረስን። ከድምፅ ማጉያ ክምርና ከዶሮ ጠባሹ በቀር ሰው የለም። ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ላይ የተጠበሰ ጀርክ የሚሉትን በቅመም የታሸ ዶሮ በላን። ያቃጥላል፤ ሚጥሚጣ ለለመደ ግን ምንም አይልም። ጠባሹ ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ሲሰማ ወሬውን ወደ ጃንሆይ ወሰደው። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን የገቡበትን ቀን ራስተፈሪያኖች ዛሬም ያከብሩታል።

ዳንስሆል በሚባለው የጃማይካ የጭፈራ ሙዚቃ ላይ ሪዲም የሚባለው ድምፃዊ ያልገባበት ሙዚቃ ነው፤ ምቱና ቤዙ። ፕሮዲዩሰሩ ይሠራዋል፤ አሥርም ሃያም ድምፃዊ የየራሱን ግጥም ይጭንበታል። ከዚያ ሁሉም በአንድ አልበም ይወጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ይሄን ቤት ቁጭ ብሎ መስማት ይሰለቻል። አራተኛው ዘፈን ላይ «ይሄ ቅድም አልፎ የለም እንዴ?» ያሰኛል።

መንገድ ላይ ግን ሌላ ነው። ሰሌክተሩ፣ ማለትም ዘፈን መራጩ፣ ዲዋሊን ለቀቀ። ሌንኪ የሚባለው ስቲቨን ማርስደን የሠራው፣ በጭብጨባ የተሞላው ሪዲም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የሙዚቃ አሳታሚው ግሪንስሊቭስ በአልበም ያወጣው። መጀመሪያ የሾን ፖል «ጌት ቢዚ» ገባ፤ በ2003 አሜሪካ ውስጥ የቢልቦርድን የዘፈኖች ሠንጠረዥ አንደኛ ደረጃ የያዘው። ገና ሳንጠግበው ዌይን ዎንደር በለስላሳ የፍቅር ዜማ ተተካ። ቀጥሎ ባውንቲ ኪለር ስለ ድሃ ኑሮ ይጮህ ጀመር። ድምፁ ይቀያየራል እንጂ ምቱ አይቆምም፤ ስለዚህ እግርም አይቆምም። ጃግሊንግ ይሉታል። አዝማሪ ቤት አንዱ ዜማ ሳይቋረጥ ግጥሙ ከሰው ሰው ሲቀባበል እንደሚሞቀው ነው። ሕዝቡ ሲጮህ ደግሞ ሰሌክተሩ ዘፈኑን ቀጥ አድርጎ ከመጀመሪያው ይመልሰዋል። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ደማቅ መብራቱን ይዞ ይዞራል፤ ጨፋሪው መብራቱ ውስጥ ለመግባት ይጋፋል። እኛ ከመብራቱ ሸሸን። ትከሻ እንጂ ወገብ አልተማርንም!

በማግስቱ በዋተርሃውስ ሰፈር አለፍን። እ.ኤ.አ. በ1985 ፕሮዲዩሰሩ ኪንግ ጃሚ ስሌንግ ቴንግ የተባለውን ሪዲም ያወጣው እዚህ ነው። መነሻው ካሲዮ ኤምቲ-40 የምትባል ትንሽ ኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ የመጣ ምት ነው። ዌይን ስሚዝ ዘፈነበት፤ ሌሎችም ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሪዲም ሙሉ ባንድ ስቱዲዮ ማስገባት የግድ አልሆነም። ወጪው ቀነሰ፤ ሪዲሙም በዛ።

ቤቱ ለሚደግስ ምክሬ ይሄ ነው፦ የሪዲም አልበም ስታገኙ እያንዳንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው አታጫውቱ። አንድ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ጎረቤት ካልተጠራ ደግሞ ቤዙን ቀንሱት።