የግብረ ገብ ፈተና ላይ ኩረጃ ያዝኩ

በቀደም የስድስተኛ ክፍል ግብረ ገብ ፈተና ሳርም አንዱ ጥያቄ «ኩረጃ ምን ጉዳት አለው?» የሚል ነበር፣ አንዷ ልጅ «በራስ መተማመንን ያጠፋል» ልትል ፈልጋ «በራስ መታመመን» ብላ ጽፋለች፣ ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ቀጣዩን ወረቀት ሳነሳ «በራስ መታመመን»። ሦስተኛውም እሱው። አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ሦስት ልጆች የኩረጃን ጉዳት ተኮራርጀው ጽፈውልኛል፣ ብቻዬን ስቄ ስቄ ሲወጣልኝ ደሞ ከፋኝ፣ መልሱ ልክ ነዋ!

ለማታውቁ የማስተምረው መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ጠዋት ጣታችን ደርቆ ጠመኔ መያዝ የሚያቅተን ቦታ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ እስከ 6ኛ ክፍል ራሱን ችሎ ይሰጣል፣ ከ7ኛ ጀምሮ የዜግነት ትምህርት ይባላል። በኛ ጊዜ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ነበር፣ አስራ አንዱን እሴቶች ፍትሕ፣ ኃላፊነት፣ ቁጠባ እያልን እንደ ዳዊት ነበር የምንደግማቸው። ከዛ በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃ እንዳይኖር ተብሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶው ተፈታኝ ብቻ ሆነ። ሁሉንም በኩረጃ አላሳብብም፣ የመጽሐፍ እጥረቱን እኛው እናውቀዋለን፣ ግን ስንደግመው የኖርነው ነገር የት ገባ ያሰኛል።

ስታፍ ውስጥ ሳነሳው አንዱ «ድሮ አለንጋ ነበር መፍትሄው» አለ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ ትምህርት ቤት እንዳይገረፍ ይላል ስለው ሳቀብኝ። እኔ ራሴ ተገርፌ ያደግኩ ነኝ፣ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሳልያዝ መኮረጅ ነው።

አያቴ ስለ ጓሳ ሲያወሩ ነው ነገሩ የገባኝ። ጓሳ ማለት ያ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ሣር ነው፣ ድሮ ቄሮ በሚባለው የአካባቢው የሣር አጠባበቅ ሥርዓት ለዓመታት ይዘጋና ቀኑ ሲደርስ ብቻ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ። ከብት እየራበው፣ ጣራ እያፈሰሰ፣ ሣሩ እዛው ፊት ለፊት ቆሞ ማለት ነው። «አባባ ማን ነበር የሚጠብቃችሁ?» ስላቸው «እኛው ነና፣ ሕጉን ያወጣነው እኛ አይደለን!» አሉኝ።

ሦስቱን ልጆች የዛን ጥያቄ ማርክ ነፈግኳቸውና ክፍሉን ሕግ አውጡ አልኩት። ሁለት ፔሬድ ሙሉ ተጨቃጨቁ፣ የጻፉትን ግድግዳ ላይ ለጠፉ፣ ያረፈደ ውሃ ይቀዳል፣ የሰው እስክሪብቶ ወስዶ ያልመለሰ ምናምን። ኩረጃ ቆመ ወይ ካላችሁኝ አልቆመም፣ ባለፈው ቴስት አንዱ ግን ሌላው ሲያይበት ወረቀቱን በክንዱ ሸፍኖ «ሕጉን እይ» ብሎ ወደ ግድግዳው ሲጠቁመው አይቻለሁ።

አራተኛው ሕግ የኔ ነው፣ ክፍል ውስጥ ስልክ ያነሳ መምህር በማግስቱ ክፍሉን ይጠርጋል። እስካሁን ሁለቴ ጠርጌያለሁ። ሁለተኛው እንኳን ዳይሬክተሩ ነበር የደወለው፣ ኧረ ልጆች የሥራ ጉዳይ ነው ብዬ ብለምን አንዷ ከኋላ ተነስታ «ቲቸር፣ ዳይሬክተር ሲደውል አይቆጠርም የሚል የለም» ብላ መጥረጊያውን አቀበለችኝ።