ስራ ስትለቁ በናታችሁ ዝም ብላችሁ አትጥፉ

ደሞዝ ከገባ በኋላ ያለችው ሰኞ የኤችአር (የሰው ሃብት አስተዳደር) ሰው ቀን ናት። የአሻራውን ሪፖርት ሳወጣ ሁሌ ሁለት ሶስት ሰው የለም፣ ስልክ ስትደውል ዝግ ነው፣ ሱፐርቫይዘሩን ስትጠይቀው «ኧረ እሱማ እዛ ማዶ ገብቷል አሉ» ይልሃል። እኔ ያለሁት አቃቂን አልፎ ገላን መስመር ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ ጋ ነው፣ እዚህ ሰፈር ፋብሪካው አጥር ለአጥር ስለሆነ ወሬው ሰርቪስ ላይ ይወራና 500 ብር ጭማሪ ካለ ሰው በነጋታው በሌላ በር ይገባል። አልፈርድም፣ የኮዬ ፈጬ ቤት ኪራይ የት እንደደረሰ እኔም ተከራይ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። የኔ ነገር አወጣጡ ላይ ነው።

ብዙው የሚጠፋው መልቀቂያ ካስገባሁ ደሞዜን ይይዙብኛል ብሎ ነው። አንዳንዱ ደግሞ አለቃው ፊት ቆሞ «ልለቅ ነው» ማለት ይከብደዋል፣ ይሉኝታ። ሌላውን አዲሱ ቀጣሪ «ነገ ካልገባህ ቦታው ይያዛል» ብሎ ያጣድፈዋል፣ እኔ በጣም የምታዘበው ይሄንን ቀጣሪ ነው፣ ምክንያቱም ነገ እሱም ሰው ሲጠፋበት «የዘንድሮ ሰራተኛ» እያለ የሚያማርረው ራሱ ነው።

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 እኮ ብዙም አያስቸግርም። ሙከራ ላይ ከሆናችሁ (ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም) ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ። ሙከራ ከጨረሳችሁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው፣ በቃ። ምክንያት መጻፍም አይጠበቅባችሁም፣ «ለቤተሰብ ችግር» እያላችሁ የሌለ ዘመድ አትግደሉ። 30 ቀኑ ከረዘመባችሁ አለቃችሁን አነጋግሩት፣ ድርጅቱ ከተስማማ በሳምንትም ይለቃችኋል፣ እኛ ጋ ተተኪ ከተገኘ ማንም ሰው አስሮ አያቆይም። ደሞዝ በተደጋጋሚ ካልከፈሏችሁ፣ ክብራችሁን ከነኩ፣ ወይ ወሲባዊ ትንኮሳ ከደረሰባችሁ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ነው፣ ያለ ማስጠንቀቂያም መውጣት ይቻላል፣ ግን ምክንያቱን በጽሁፍ አስቀምጡት።

ከጠፋችሁስ? ያለ ማስጠንቀቂያ የለቀቀ ሰው ካሳ ሊጠየቅ ይችላል፣ እስከ 30 ቀን ደሞዝ ድረስ። ለ500 ብር ብላችሁ የወር ደሞዝ አደጋ ላይ ጣላችሁ ማለት ነው። ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድም አለ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የስራ ቀን ነው፣ ስትለቁ ወደ ብር ተቀይሮ ይከፈላችኋል። የጠፋ ሰው ግን አብዛኛው ተመልሶ ስለማይጠይቀው ዝም ብሎ እዛው ይቀራል።

አንዷ ማሽን ኦፕሬተር ጠፍታ ከዓመት በላይ ቆይታ በር ላይ መጣች። «ጋሼ በናትህ የስራ ልምድ ጻፍልኝ፣ አረብ አገር አይደለም፣ እዚሁ ቦሌ ለሚ ነው የጠየቁኝ» አለችኝ (ጋሼ ለመባል እንኳን ገና ነኝ)። ፋይሏን ሳወጣው ቱታዋና የሎከሯ ቁልፍ አልተመለሰም፣ ስቶር ኪፐሩ ደግሞ ክሊራንስ (ከድርጅቱ እዳና ንብረት ነጻ ናት የሚለው ቅጽ) ላይ አልፈርምም ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ጻፍኩላት፣ ምክንያቱም የስራ ልምድ ደብዳቤ ሰራተኛው ሲጠይቅ በነጻ መስጠት የአሰሪው ግዴታ ነው፣ የሰራችው ስራ፣ የቆየችበት ጊዜ፣ ደሞዟ ይጻፋል። የቱታ ሂሳብ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው። ይሄን የማያውቅ ወይ አውቆ የሚያጉላላ ኤችአር ግን ሞልቷል፣ የሙያ ጓደኞቼ እንዳትቀየሙኝ፣ ለስድስት ፊርማ ሰው ሳምንት ሙሉ ታመላልሳላችሁ፣ ፋይናንሱ ሁሌ «ስብሰባ ነው»፣ ከዛ ሰው ለምን ይጠፋል ትላላችሁ። የቀረ ክፍያ እኮ ውል በተቋረጠ በ7 የስራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፣ ካዘገያችሁ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደሞዝ ሊያስጨምርባችሁ ይችላል።

እና ስትለቁ ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ጻፉ፣ አንዱ ላይ መዝገብ ቤት «ደርሷል» ብሎ ቀንና ማህተም ያድርግላችሁ፣ በቴሌግራም የላካችሁት «ለቅቄያለሁ» ብዙ አያስኬድም። ጡረታ ከናንተ 7፣ ከድርጅቱ 11 ፐርሰንት ሲቆረጥ ስለነበር የጡረታ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ውጡና አዲሱ ቦታ እሱኑ ስጡ። ስቶርና ካሽ ላይ የነበራችሁ ደግሞ ዋሳችሁን አትርሱ፣ እናንተ ስልክ ስትዘጉ የሚደወልለት እሱ ነው፣ ስለዚህ ሂሳብ አስረክባችሁ ስትጨርሱ ዋስትናው መውረዱን የሚገልጽ ወረቀት አስጽፋችሁ ለሱ አድርሱለት።